የእማማ ቴምፒ ሳሙና

እማማ ቴምፒ ሁለት ዓይነት እጥበት ነበራቸው። ከሳምንቱ መጀመሪያ አንሥቶ የነጮቹን ልብስ ያጥባሉ፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ደግሞ አስከሬኑን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ለሁለቱም የሚጠቀሙበት ሳሙና አንድ ነው፤ ራሳቸው ያፈሉታል። የአሳማ ጮማና የአመድ ውኃ ቀላቅለው ጓሯቸው ውስጥ በትልቁ የብረት ድስት ሲያማስሉ ጢሱ ለእኛም ቤት ይተርፋል። ዓይናችን እያለቀሰ ስናማርር፣ "ዝም በሉ፤ አንድ ቀን ለእናንተም ይፈለጋል" ይሉናል። ቀልዳቸው እንዲህ ያለ ነበር። ሰው ስቆ ያልፈዋል እንጂ አይቀየማቸውም።

እናቴን ያጠቧት እሳቸው ናቸው። ሳፋውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እጥበቱን የሚጀምሩት ከፊት ነው፤ ምን ቢቸኩሉ ከእጅ ወይም ከእግር ጀምረው አያውቁም። ግንባሯን እየጠረጉ፣ "ፈጣሪ የሚያውቃት በዚህ ነው፤ የዚህን ዓለም ቆሻሻ ይዛበት አትሄድም" አሉኝ። ሲጨርሱ ውኃውን ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ አልደፉትም። ሳፋውን ራሳቸው ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ወዳለው የኮክ ዛፍ ወሰዱና ከሥሩ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። በልጅነታችን ከዚያ ዛፍ ሥር እንድንጫወት አይፈቀድልንም ነበር፤ የእኛ ሰው ሁሉ እዚያ አለ ይሉናል።

እኔ ዴልያ እባላለሁ። እሳቸው የሚያጥቡትን የምተኩሰው እኔ ነበርኩ። በከተማችን በፓዱካ ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠልቀው ሰፈር የእኛ ነው፤ ከእኛም ሰፈር መጀመሪያ የሚጠልቀው የእማማ ቴምፒ ጓሮ ነው። ውኃው ሲጎድል ጭቃውን ዝቀው ድስቱን መልሰው ይጥዳሉ። ባላቸው ወንዙ ላይ በጀልባ ሥራ ሞቷል። የቀራቸው አንድ ልጅ ሲላስ ነው።

ልቤ ሲላስ ላይ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ጠይም ነው፤ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ስርጉድ ይላል፤ ሥራ ሲባል ይጠፋል፤ ዘፈን ሲባል ከየትም ይመጣል። መዝፈን የተማረው እናቱ ገንዳ ሥር ተቀምጦ ነው። እማማ ቴምፒ ልብስ ሲያሹ የሚያንጎራጉሯት አንዲት ዜማ ነበረቻቸው፤ ራሳቸው ያወጧት ናት።

ታጥበሽ ነይ፣ ጨርቄ፣ ታጥበሽ ነይ፤
እድፍሽ ለወንዝ፣ ንጣትሽ ለፀሐይ።

ይችው ናት። እሳቸው ሲሏት የሥራ ዜማ ነበረች፤ ሲላስ ሲላት ግን ሰው መንገድ ላይ ይቆማል። ባርኔጣውን በግራ እጁ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘፍናት። ግራኝ ነበር።

በእኛ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ቢሰጠው የሚገባበት በር ሁለት ብቻ ነበር። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ ሆድ አይሞላም። ሁለተኛው የቡሽ ፊት ነው። ይህን ነገር የጀመሩት ነጮች ናቸው። የጠርሙስ ቡሽ አቃጥለው፣ ጥላሸቱን በውኃ ለውሰው ፊታቸውን ቀቡ፤ ከንፈራቸውን በቀይ ቀለም እስከ ጉንጫቸው አሰፉ፤ "እኛ ጥቁሮች ነን" እያሉ ሲንተባተቡ፣ ሲሰነፉ፣ ዶሮ ሲሰርቁ አገሩ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ እውነተኞቹ ጥቁሮች እኛም መድረክ እንውጣ ሲሉ ተመልካቹ አልቀበል አለ። ጥቁር መሆናችን አልበቃውም። እነሱ የሠሩትን ጥቁር ካልሆንን ትኬት የሚገዛን የለም። ስለዚህ የእኛም ልጆች ቡሽ አቃጠሉ፤ ፈጣሪ ያጠቆረውን ፊት እንደገና አጠቆሩት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ሲላስ የመጀመሪያውን ትርኢት የሠራው እዚያው ወደቡ አጠገብ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። ደስታው እግሩን ከመሬት አንሥቶት እየሮጠ ወደ ቤት መጣ። እኔ መተኮሻ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እናቱ ወጥ ያማስላሉ። በጥድፊያ ስለታጠበ ጥላሸቱ ከጆሮው ሥርና ከአንገቱ አልለቀቀም፤ የከንፈሩም ቀይ ጥግ ጥጉን ቀርቷል። ቡድኑ የሰጠውን ቢጫ ኮት ሊያሳያቸው ዞር ዞር አለ። እማማ ቴምፒ ማንኪያውን አስቀመጡ።

"ይህን ፊት እኔ አልወለድኩም" አሉት።

ሲላስ ሳቀ። "እማማ፣ ይለቃል እኮ፤ ቡሽ ነው።"

"ካንተስ ይለቃል። ያዩህ ሰዎች ዓይን ውስጥ የቀረውን ማን ያጥብልሃል?"

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ቡድኑ በባቡር ሲሄድ አብሮ ሄደ። አጥራችን ላይ ተደግፎ፣ "እናቴ ንዴቷ ሲበርድላት እመጣለሁ" አለኝ፤ "እስከዚያ መተኮሻሽን ከእሷ አርቂ" ብሎ ደግሞ አሳቀኝ። መጻፍ ስለማይችል ሰላምታውን በሰው በሰው ይልክ ነበር። እማማ ቴምፒ መልእክቱን ሰምተው፣ "ደህና ነኝ በሉልኝ" ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ገንዳቸው ይመለሳሉ፤ ዜማዋን ግን እሱ ከሄደ ወዲህ አያንጎራጉሯትም። ያን ቀን ከአፋቸው የወጣው ቃል እንዴት እንደበላቸው አብሬያቸው ስለምውል አውቃለሁ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። እኔም ሌላ ሰው አገባሁ።

አንድ የብርድ ወራት ቡድኑ ወደ ፓዱካ ሊመጣ መሆኑ ተሰማ። በየግድግዳው ትልልቅ ወረቀት ተለጠፈ፤ የሲላስ ስም ከሁሉ በላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ የተሳለው ግን ሲላስም አይደለም፣ ሰውም አይደለም፤ የድስት ቂጥ የመሰለ ፊት፣ አፉ እስከ ጆሮው የተቀደደ። ስሙን አነበብኩላቸው። ሥዕሉን ቆመው አዩት፤ ብዙ አዩት። ከዚያ፣ "ለቅዳሜ ቀሚሴን ተኩሺልኝ" አሉኝ።

እማማ ቴምፒ ምእመኑ "የቤተ ክርስቲያን እናት" ብሎ ከሚያከብራቸው አሮጊቶች አንዷ ናቸው፤ ቴአትር ቤት ረግጠው አያውቁም። ወሬው ሲሰማ የዲያቆኑ ሚስት ሊገሥጹ መጡ። እማማ ቴምፒ ሳሙና እየቆረጡ ነበር፤ ቀና ሳይሉ አዳመጧቸው። "እኔ ለዘፈን አይደለም የምሄደው" አሉ። "ልጄን ላጥበው ነው። ከዚያ ፊት ውስጥ በገዛ እጄ ላወጣውና ቤቱ ላስገባው ነው።" ሴትዮዋ ጠባቸውን ረስተው እንባቸውን ጠረጉ። ከምርጡ ሳሙና አንድ ተቆረጠ፤ በነጭ ፎጣ ተጠቀለለ። ፓይ የሚባለው የስኳር ድንች ጣፋጭ ኬክም ተጋገረ፤ ሲላስ ይሞትለት ነበር።

እንዲህ ያለ ቡድን ከተማ ሲገባ እኩለ ቀን ላይ በጡሩንባና በከበሮ መንገዱን ይዞራል። ለዙረቱ ቡሽ አይቀቡም፤ ባማረ ኮት፣ በገዛ ፊታቸው ነው የሚሰለፉት። እማማ ቴምፒም እዚያ ላይ አየዋለሁ ብለው ቸኩለው ነበር። ዝናቡ ግን ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ባቡሩም ዘገየ። ጥግ ላይ ቅርጫታችንን አቅፈን በስብሰን ስንጠብቅ አንድ ተሸካሚ መጣና፣ ዙረት የለም፣ ሰዎቹ ከጣቢያ በቀጥታ በጋሪ ቴአትር ቤት ገብተዋል አለን። "ይሁን። ከዘፈኑ በኋላ አገኘዋለሁ" አሉ እማማ ቴምፒ፤ ፎጣውን እንዳይረጥብ ብብታቸው ሥር አስገቡት።

የከሰዓቱን ትርኢት ነው ያየነው። የእኛ ደረጃ በጓሮ በኩል ነው፤ የእኛ መቀመጫ ጣሪያ ሥር ያለው ሰገነት ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ሰዎቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከንፈር። እናት ቀርቶ የፈጠራቸውም ለይቶ የሚጠራቸው አይመስለኝም። መሐል ያለው ይጠይቃል፤ ዳር ዳር ያሉት የማይረባ መልስ ይመልሳሉ፤ ታች ያሉት ነጮች ወንበራቸውን ይደበድባሉ። ላይ ያለነውም ስቀናል፤ አልደብቅም። አንዳንዱ ቀልድ ለእኛ ብቻ ተደብቆ የተላከ ነበር። እማማ ቴምፒ ግን አልሳቁም። ደካማ ዓይናቸውን አጥብበው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያለፉ ልጃቸውን ይፈልጋሉ። የገንዳው እንፋሎት ዓይናቸውን ጨርሶት ነበር።

ከዚያ ቢጫ ኮት የለበሰው ተነሣ። የሲላስ ስም ተጠራ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ታጥበሽ ነይ፣ ጨርቄ" ብሎ ጀመረ።

እማማ ቴምፒ ክንዴን ያዙ። "እሱ ነው" አሉ። "ድምፁ ወፈረ። ብርዱ ነው፤ መንገዱ ነው። ዴልያ፣ የእኔን ዘፈን እኮ ነው የሚዘፍነው።" ጣቶቻቸው ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። ባርኔጣው በቀኝ እጁ መሆኑን አይቻለሁ። ዓይኑም አልተጨፈነም። የመድረክ ሰው ስንት ነገር ይማራል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ታች ያሉት እንኳ ፀጥ ብለው ነበር። እማማ ቴምፒ በእንባቸው ውስጥ አብረውት በሹክሹክታ ዘፈኑ፤ ከሄደ ወዲህ ዜማዋን ከአፋቸው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ትርኢቱ እንዳለቀ ወደ ጓሮው በር ወረድን። በረኛው ሊመልሰን እጁን ዘረጋ፤ "እናቱ ናቸው" አልኩት፤ አሳለፈን። ከመድረኩ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል አንዲት ፋኖስ ትጤሳለች፤ ሰዎቹ ፊታቸውን ይፈትጋሉ። እማማ ቴምፒን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። በደጃፉ ያለው፣ "የማን ነዎት፣ እማማ?" አለ፤ "የሲላስ" አሉት። ሁሉም ተነሥተው መንገድ ለቀቁላቸው። ለእርጅናቸው የተሰጠ ክብር መሰለኝ።

ቢጫ ኮቱን የለበሰው መስተዋት ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ገና አልታጠበም። ዘሎ ተነሣ። "እማማ" አለ፣ በሻከረ ድምፅ።

በእኛ ዘንድ ጎልማሳ ሁሉ አሮጊት ሁሉን እማማ ይላል። ሲላስም ሰፈሩ ሲል ሰምቶ እማማ እንጂ ሌላ ብሏቸው አያውቅም። ጥርጣሬ እንኳ ቢኖራቸው በዚያች ቃል ጠፋ።

"ቁጭ በል" አሉት። ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ሳፋ ውስጥ ውኃ ነበር፤ ሳሙናቸውን ፈትተው ፎጣውን ነከሩ። "ዛሬ የማጥብህ እኔ ነኝ። አትናገር፤ አፍህ ይገባል።"

ሰውዬው አፉን ከፈተ፤ ፎጣው ሸፈነው። ከግንባሩ ጀመሩ። እንባው ከጥላሸቱ ጋር ይወርድ ነበር። "አታልቅስ" አሉት። "ያን ቀን ያልኩህን አፌ ነው ያለው። ሌላ ልጅ አለኝ እንዴ? የተቀባውም የኔ ነው፤ ያልተቀባውም የኔ ነው። ብቻ ቤትህ ግባ።" እያወሩ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ ግራ ጉንጩን አጠቡ። ግራ ጉንጩ ላይ እጃቸው ቆመ። መልሰው ጠረጉት። አሁንም ጠረጉት። ከጥላሸቱ ሥር የወጣው ቀይ ቆዳ ነው፤ ጠቃጠቆ የሞላበት፤ ስርጉድ የሌለው።

ፋኖሱን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዴልያ፣ ዓይኔ ነው?"

"አይደለም፣ እማማ" አልኳቸው።

ሰውዬው ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ስሙ ዌስሊ ነው፤ ባቡር ውስጥ ከሲላስ ጋር አንድ አልጋ ይጋራ ነበር። ታጥቤ ቤትዎ ልመጣ ነበር አለ፤ በዚህ ፊት እንዴት ልንገርዎ አለ። ሲላስ በደቡብ በኩል አንዲት ከተማ ውስጥ ዘፍኖ ሳይጨርስ ትኩሳት ጣለው። ከነልብሱ፣ ከነቡሹ ባቡሩ ውስጥ አስተኙት። ሲነጋ የከተማው ሰዎች ፈንጣጣ ነው ብለው በጠመንጃ ባቡሩን ከበቡት፤ ማንም አይወርድም፣ ከጉድጓዳችን ውኃ አይቀዳም አሉ። "የቀረችን አንድ እንስራ ነበረች" አለ ዌስሊ። "ውኃ ስጡኝ ይል ነበር። እኛ ሊጠጣ መስሎን አፉ ላይ እንይዝለታለን፤ እሱ ግን በእጁ እየዘገነ ፊቱን ያሻል። ይባክናል ብለን ነጠቅነው።"

ሲሞት የከተማው ሰዎች ራሳቸው ወስደው ከሐዲዱ ዳር ኖራ ነስንሰው ቀበሩት። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሲደርስ አለቃቸው ስሙን ከግድግዳው ማውረድ አልፈለገም። ቡሹ ካለ ሲላስ አለ፣ ማን ያውቃል አላቸው። እውነቱን ነው፤ የገዛ ሰፈሩ ሙሉ ሰገነት አላወቀም።

እማማ ቴምፒ አልጮኹም። ፎጣው ከእጃቸው አልወደቀም።

"ማን አጠበው?" አሉ።

ዌስሊ ቀና አላለም።

"ማን አጠበው?"

"ማንም፣ እማማ። እንዳለ ሄደ።"

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። ዌስሊን አንሥተው ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ እጥበቱንም ቀጠሉ። አገጩን፣ ከንፈሩን፣ አንገቱን አጠቡ፤ ጆሮውን አጥፈው ከሥሩ አጠቡ፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ አላስቀሩም። አስከሬን ሲያጥቡ እንደሚያደርጉት ነበር፤ ዝም ብለው፣ ሳይቸኩሉ። በክፍሉ ያሉት ወንዶች ሁሉ ያለቅሳሉ፤ ገሚሱ ፊቱ የታጠበ፣ ገሚሱ ያልታጠበ። እኔም ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ቢጫውን ኮት ይዤ እጥፋቱን በእጄ ስደለድል ነበር።

ሲጨርሱ ዌስሊ ሳፋውን ሊደፋ አነሣ። "አምጣ" አሉት። ሳፋው የቴአትር ቤቱ ነው፤ በረኛው ወዴት ነው ብሎ ተከተለን፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ብቻ ተመለሰ። ያን ጥቁር ውኃ በሁለት እጃቸው ደግፈው በዝናብ ውስጥ ከተማውን አቋረጡ። ልሸከምልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ተንበርክከው ቀስ አድርገው አፈሰሱት። የምትጸልይ ሴት የምትለውን አንድም ቃል አላሉም። "ግባ" ብቻ ነው ያሉት። "ግባ፣ ሲላስ።"

ከዚያ በኋላ የነጮቹን ልብስ ማጠብ ቀጠሉ፤ ምን ይበላል? ሰው ሲሞትም ይጠራሉ፣ ይሄዳሉ። ያችን የተረፈች ሳሙና ግን አልነኳትም። በዚያው ፎጣ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጧት፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ዜማዋን ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማሁም።

እሳቸው ሲሞቱ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ሣጥኑን ከፍቼ ፎጣውን ፈታሁ፤ ጥላሸቱ ጨርቁ ላይ ደርቆ ነበር፤ ሳሙናዋም ደርቃ ጠንክራለች፤ እስክታረፋ ብዙ አሸኋት። ከፊታቸው ጀመርኩ። ሲያልቅ ሳፋውን ተሸክሜ ወደ ኮኩ ዛፍ ሄድኩና ውኃቸውን ከልጃቸው ውኃ ላይ አፈሰስኩት።